ከወር የሚተርፈው

ሰባት ዓመቴ ላይ መካነ ሰላም ውስጥ ከአባቴ የሚበልጥ ሀብታም አለ ያለኝን ሰው ዓይኑን እቧጭረው ነበር። ማስረጃዬ ጠንካራ ነው። ሰው ሁሉ ከእሱ ይወስዳል፤ እሱ ግን ከማንም ሲወስድ አይቼ አላውቅም። ደመወዝ በተቀበለ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ይሞላል። የዕድሩ ሰብሳቢ ግንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ተቀባዩ ካርኒውን ያራግባል። ባለሱቁ ሽማግሌ «አብሽር ላቀው፣ ምን አስቸኮለኝ» እያለ አንድ እግሩን ደፋችን ላይ ያሳርፋል። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ቅሏን ታቅፋ ጥግ ትይዛለች። የነፍስ አባታችንም ቤታችንን ጠበል መርጨት ትዝ የሚላቸው ልክ በዚያች ቀን ነው። አባቴ መሀላቸው ቆሞ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ለአንዱም ለሌላውም ያድላል። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ ንጉሥ ግብር ሲያበላ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ እኔም ደሴ ላይ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ያ ቀን ግብር ማብላት ሳይሆን ራሱ አባቴ በእነዚያ ሰዎች የሚበላበት ቀን እንደነበር ገብቶኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ።

አባቴ አቶ ላቀው የአውራጃው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። የቄስ ልጅ ነው፤ ድቁናውን ጥሎ ታይፕ ተማረ። ድምፁ ግን እዚያው ቅኔ ማኅሌት ቀረ፤ «ጋዝ ስንት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ እንኳ ዜማ ነበረው። እንግዶቹ ሲሸኙ እሱና እናቴ ሸዋረግ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የቀረውን ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ሹክሹክታ ነው።

«ተረፈ?» ትላለች እናቴ።

«ይተርፋል» ይላል አባቴ።

ሁልጊዜ «ይተርፋል» እንጂ «ተረፈ» እንደማይል ልብ የምል ልጅ አልነበርኩም። ይህ ትራፊ የሚባል ነገር በየወሩ እናቴ ሳጥን ውስጥ የሚጠራቀም ይመስለኝ ነበር። የሳጥኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ ለምናምን የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለማ! አንድ ቀን ስትከፍተው አጮልቄ አየሁ። የአያቴ ዳዊት፣ አንድ ጥበብ ቀሚስ፣ ከላይ ደግሞ የእህቴ የብርሀንነሽ የትምህርት ቤት ሰርቲፊኬቶች ነበሩ። ብሩ ከሥር ይሆናል አልኩ።

ብርሀንነሽ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አንደኝነቷን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ሐሳቧ አንድ ነው። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ተፈትና ማለፍ፣ ተምራ አስተማሪ መሆን። እስከዚያው እኔንና ሦስት ዶሮዎቻችንን ግድግዳ ሥር ሰብስባ ታስተምረናለች። «ሰባት ሲደመር ስምንት?» ትልና ስንዶለድም ጊዜ፣ «ዶሮዋ ቀድማሽ ገባት፣ አልቱ፣ አንቺ ድንጋይ!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። ዶሮዎቹን ከልቤ እቀናባቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌ መጣ። የላኩት አቶ አድማሴ ነበሩ፤ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ገበያ የሚወጡ ሰው። ልጃቸው አበቡ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ፀጉሩን ያበጥር ነበር። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ ወልደሩፋኤል ናቸው። እናቴ ከተማሪዎቹ ዶሮዎች አንዷን አርዳ አቀረበችላቸው፤ ሒሳብ ይገባት የነበረችውን ራሷን።

እኔና ብርሀንነሽ ጓዳ መጋረጃ ሥር ተደብቀን እንሰማለን።

«እንግዲህ ላቀው» አሉ መሪጌታ፣ የዶሮዋን ፈረሰኛ ከጨረሱ በኋላ፣ «እኛ አገር ልጅ ሲዳር ወገን ለወገን እኩል ነው። በሬ ያመጣ በሬ ይጠብቀዋል፣ ላም ያመጣ ላም። እናንተ ደመወዝተኞች ደግሞ ከብት የላችሁ፣ ርስት የላችሁ። ምንን በምን እናስተያየው?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከብትስ የለም መሪጌታ። ከወር ወጪ የሚተርፍ ግን አይጠፋም።»

«አድማሴም እንደዚሁ ነው ያለኝ፤ ቃል በቃል!»

«ስንት ይተርፈኛል አለ?»

«አንተስ ስንት?»

«በየወሩ አሥር ብር ለልጆቹ መቋቋሚያ» አለ አባቴ።

«አሥር ለአሥር! በሉ ተዋሐዱ!» አሉ መሪጌታ፤ ሌሎቹ «ያብቃልን» አሉ።

«አንድ ቃል ግን አለኝ» አለ አባቴ፣ በዚያ በቅዳሴ ድምፁ። «ልጄ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪዋን ሳትፈተን፣ የሚቀጥለውንም ሳትማር፣ ጣቷን የሚነካ የለም። ሠርጉ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይሁን» አሉ። ብርሀንነሽ እየሳቀች እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ሊድሩሽ ነው እኮ፣ ምን ያስቅሻል ብላት፣ «ዝም በይ፣ ይቺን ቃል ነበር የምፈልጋት» አለችኝ።

እናቴ ኋላ በእርጅናዋ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ከወር ወጪ በኋላ አሥር ብር በእጁ ይዞ የታየበት ወር ኖሮ አያውቅም። የአቶ አድማሴ ቤትም ያው ነበር፤ ብቻ እነሱ አባቴ እንዳለው ያምናሉ፣ አባቴም እነሱ እንዳላቸው ያምናል። ጸሐፊው «ድሬሰር እኮ በየቤቱ መርፌ ይወጋል» ይላል፤ ድሬሰሩም «ጸሐፊ እኮ ማመልከቻ ይጽፋል» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ሁለት ባዶ ኪስ ተጫጨ።

ጥር ገባ። አገሩ ሁሉ ጦርነት ነው፤ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ይፎክራል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ንጉሡ፣ ስሙ ራሱ ጸረ አብዮት የሆነ ምስኪን፣ አባወራውንም እማወራውንም ሰበሰበ። አዳራሹ ከአንድ ባላባት የተወረሰ የእህል ጎተራ ነበር፤ ገና የጤፍ አቧራ ያስነጥሳል። እኛ ከእናቴ ጋር ከሴቶቹ ወገን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል፤ ብርሀንነሽ በስተቀኜ።

ጓድ ንጉሡ ግራ እጁን አንስቶ መፈክሩን ካሰማ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። «ጓዶች! ማንም ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ እንዲያዋጣ አብዮቱ አይፈልግም። እያንዳንዱ አባወራ ከወር ወጪው የሚተርፈውን ይናገር። ከትራፊው ላይ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ያዋጣል። ፈቃደኛ ያልሆነ ካለ አሁኑኑ እጁን ያውጣ፤ እንወቀው!»

እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ወይ ጉድ፣ ከዚያ የተሰማውን ልቅሶ ብታዩ! አረቄ ነጋዴው ከሰውነቱ በስተቀር የተረፈው እንደሌለ ማለ። ባለሱቁ «ወላሂ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የሚተርፈኝ ብድር ነው» አለ። አንዲት ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ሴትዮ እዚያው ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ሁሉም ሁለት ሁለት ብር፣ ሦስት ሦስት ብር እየተጻፈበት ተቀመጠ። እኔ አፈርኩላቸው። ድሆች!

«ጓድ ላቀው፣ ለእርስዎስ ስንት ይተርፋል?»

አባቴ ተነሣ። ፊት ለፊቱ አቶ አድማሴ በነጭ ጋውን ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ ወልደሩፋኤል በመካከላቸው ናቸው። «ምንም» ማለት ይችል ነበር። አገሩ ሁሉ ምንም እያለ ተቀምጧል እኮ! ግን ወደፊት አማቹ የሚሆኑት ሰው እየሰሙት እንዴት ብሎ?

«አሥር ብር» አለ አባቴ። አዳራሹ ተንጫጫ።

ጓድ ንጉሡ ሞኝ አልነበረም። የእጮኛ ነገሩን ሳይሰማ አልቀረም፤ አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው እንደሚባለው፣ ተራ ዘሎ ወዲያው «ጓድ አድማሴስ?» አለ።

አቶ አድማሴ ጋውናቸውን አስተካክለው ተነሡ። «አሥራ አምስት።»

አባቴ ሳይጠራ ቆመ። «ቅድም የዘነጋሁት አለ። ሃያ።»

«እኔም ቢሆን ሁሉንም አልተናገርኩም» አሉ አቶ አድማሴ። «ሃያ አምስት።»

መሪጌታ የአባቴን ካፖርት ጫፍ ሲጎትቱ አየሁ። እሱ ግን የመዋጮ ስብሰባ ላይ መሆኑን ረስቶት ነበር። ልጁን እየዳረ ነው፤ በሬ ለበሬ እያስተያየ ነው፤ ዝቅ ብሎ ከታየ ልጁ ዝቅ ብላ ልትገባ ነው። ዛሬ ይህን ሳስብ ላዝንለት እፈልግና ሳቄ ይቀድመኛል፤ ቀጥሎ ንዴቴ።

«ሠላሳ!» አለ፤ ወንጌል የሚያነብ ነበር የሚመስለው።

«ሠላሳ!» አሉ አቶ አድማሴም፣ ትንፋሻቸው አጥሮ።

«በቃ፣ እኩል ይሁን! ሠላሳ ለሠላሳ!» አለ ጓድ ንጉሡ፣ ሽማግሌ የሆነ ይመስል። «በየወሩ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ ከደመወዛቸው ላይ። አጨብጭቡላቸው!»

ያቺ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ሴትዮ እልል አለች። እናቴ «ያ ረቢ!» አለችና ወዲያው አማተበች። እኔ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ አባቴ ነዋ ያሸነፈ። ብርሀንነሽ አላጨበጨበችም። እሷ ሒሳብ ትችል ነበር።

ከየካቲት ጀምሮ ወተቷ ሴትዮ ቀረች። ስኳር ቀረ። ሽሮው እየቀጠነ ሄዶ የሳህኑ ሥዕል ከሥሩ ይታይ ጀመር። ደግነቱ ዐቢይ ጾም ገባልን፤ አገሩ ሁሉ ሲጾም የእኛ ቤት ከሌላው አይለይም። ይልቁንም አባቴ ምሳውን ትቶ እስከ ማታ ስለሚውል የነፍስ አባታችን «እንዲህ ነው የካህን ልጅ!» እያሉ በየቤቱ አወሩለት። እኔም አባቴ ከሀብቱ በላይ ጻድቅ ሆነ ብዬ ኮራሁ።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሪጌታ ብቻቸውን መጡ። ዶሮ አልታረደላቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም።

«ላቀው፣ ነገሩን እናፍጥነው» አሉ። «እነ አድማሴ ሠራተኛቸውን አሰናበቱ፤ ሠላሳው እየቆረጠማቸው ነው። ቤቱ የምታግዝ ሴት ይፈልጋል። ላንተም ቢሆን አንድ ጉሮሮ ይቀንስልሃል።»

«ሚኒስትሪዋስ?» አለ አባቴ።

«ከባሏ ቤት ሆና ትፈተን፣ ማን ከለከላት!»

አባቴ ያንን ቃል እንደማያምነው ዛሬ አውቃለሁ፤ መሪጌታም አያምኑትም ነበር። ግን ደግ አባባል ነው፣ ሰው ይይዘዋል።

ብርሀንነሽ ከጓዳ ወጥታ አባቴ ፊት ቆመች። ሽማግሌ ባለበት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።

«አባባ፣ ሁለት ወር እኮ ነው የቀረኝ።»

«ጊዜው አስገድዶን ነው ልጄ።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

አባቴ የካፖርቱን ቁልፍ ይቆልፍ ጀመር።

«ራት አልበላም» አለች። «እስከ ሰኔ ራት አልበላም አባባ። ምሳም ቢሆን ግማሽ ይበቃኛል። ፈተናውን ብቻ ልፈተን።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓሮ ወጣች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ያያሉ። እኔ በልቤ «እሰይ፣ ድርሻዋን ለእኔ ይሰጡኛል» አልኩ፤ ቀጭኑን ሽሮ ጠልታው መስሎኝ ነበር። አሁን ይቺን ባስታወስኩ ቁጥር የበላሁት አይወርድልኝም።

አባቴ በመጨረሻ የተናገረው እንዲህ ነው፦ «በሰው ፊት አታሳንሺኝ።»

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ፤ ግንቦት ሳይገባ ቶሎ። እኔ የጠበቅሁት ዳስ፣ ሦስት በሬ፣ ሙሉ ጋን ጠጅ ነበር። አባቴ ግን በዚያች ሳምንት በድንገት ነቅቶ አብዮተኛ ሆነ። «ድግስ የፊውዳል ርዝራዥ ነው» ብሎ አወጀ። አቶ አድማሴም በሙሉ ልብ ደገፉት፤ ሁለቱ ሰዎች እንደዚያን ቀን ተስማምተው አያውቁም። ጓድ ንጉሡ ራሱ መጥቶ ለቀበሌው አርአያ ናችሁ አለ፣ የተገኘውንም ጠላ ጠጣ። የፋሲካው ትራፊ ወጥ ተሞቀ፣ ቆሎ ዞረ። እኔ ምን ዓይነት ስስታም አባት ነው ብዬ አኮረፍኩ። አሥር ለአሥሩን የጠየቀ አልነበረም፤ ጠያቂው የራሱን አሥር ቀድሞ መዘርጋት አለበታ።

ብርሀንነሽ የእናቴን ጥበብ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ስትወጣ ደብተሮቿን በጨርቅ ቋጥራ ያዘች። የአቶ አድማሴ ሚስት «ይህ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ደብተሬ ነው፣ እማማ።»

«እዚሁ ይቀመጥ፤ እኛ ቤት ማስቀመጫ የለም።»

ቋጠሮውን ለእኔ ሰጠችኝ። ስጦታ መስሎኝ ዘለልኩ።

በግንቦት መጨረሻ አባቴ ደመወዙን ይዞ ገባ። የጦሩ መዋጮ አልቋል። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፣ ወሰዱ፣ መርቀው ሄዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቴና እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከእግራቸው ሥር። እናቴ ያን ዕለት «ተረፈ?» ብላ አልጠየቀችም። እሱ ግን አንዴ አየ፣ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ብድግ አለ።

«ተረፈ!» አለ። «ሸዋ፣ ተረፈ እኮ! አራት ብር!»

በሕይወቱ እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም። አራቱን ብር እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ለእናቴ ያሳያታል። እናቴ ብሩን አላየችም፤ እሱን አየችው። ጌታው እንጂ ስሙን ጠርታው የማታውቅ ሴት፦

«አልተረፈም ላቀው» አለች። «ይቺ ብርሀንነሽ ናት።»

ብርሀንነሽ የላከችልን ገንዘብ መስሎኝ፣ እሷም ደጅ ላይ ያለች መስሎኝ፣ ሮጬ ወጣሁ። ማንም የለም። ስመለስ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፤ ብሮቹ አልጋው ላይ ናቸው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ብርድ ይዞት ነው ብዬ ካፖርቱን አቀበልኩት።

እናቴ ያ ገንዘብ ቤቷ እንዲሰነብት አልፈለገችም። በማግስቱ ገበያ ወስዳኝ ከላዩ ላይ ኮንጎ ጫማ ገዛችልኝ፤ ቀይ፣ አዲስ የላስቲክ ሽታው የሚያሰክር። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ሌሊት አቅፌው ተኛሁ። ለማን ላሳይ? ለብርሀንነሽ ነዋ። ግን እናቴ ዛሬ ነገ ስትለኝ ሰኔ ገባ፤ አንድ ሰኞ ማለዳ ተደብቄ ሄድኩ።

አቶ አድማሴ ግቢ ብርሀንነሽ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ያንን ነጭ ጋውን ታጥባለች። አበቡ ደጅ ቆሞ ፀጉሩን ያበጥራል። በአጥሩ ማዶ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ እርሳሳቸውን ቀርፀው፣ እየተንጫጩ ወደ ትምህርት ቤት ያልፋሉ። አንዲቱ ልጅ «ብርሀንነሽ! ዛሬ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። እህቴ ቀና አላለችም፤ ጋውኑን መጨመቋን ቀጠለች። ልጆቹ አልፈው ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ አንድ እጅጌ ብቻ ደጋግማ ጨመቀች።

«ጫማዬን እዪልኝ!» አልኳት፣ ፊቷ እየተገተርኩ። «አባባ ተርፎት ገዛልኝ!»

አየችው። በስንት እንደተገዛ አልጠየቀችኝም። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀመጠች፣ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

«ይጠብሻል?»

«ልኬ ነው።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳብ አድርጋ አቀፈችኝና፣ «አልቱ፣ አደራሽን፣ ቶሎ እንዳታድጊ» አለችኝ።

ለጫማው አዝና መሰለኝ። «አታስቢ» አልኳት፤ «ላስቲክ እኮ ነው፣ ይለጠጣል።»